ለሦስት የተከፈለው ድንኳን

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ውስጥ ዝም ብሎ ያየው ሰው የለም። መቀሱና ምላሱ አብረው ነው የሚሠሩት፤ እንዲያውም መቀሱ ሲያርፍ ምላሱ ይቀጥላል። «ሬዲዮ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ጓደኛው ጋጋሪው ነበር፤ በኋላ ግን «ሬዲዮን ሰደብኩት፤ ሬዲዮ እኮ መዝጊያ አለው» ብሎ ሊያነሳለት ሞክሯል። ስም አንዴ ከወጣ መች ይመለሳል!

ሱቁ መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ፎጣ የሚንጠለጠልበት ሚስማር፣ ከመስታወቱ በላይ ደግሞ ፀሐይ ቀለሙን የበላው አንድ ፎቶ። ፎቶው ላይ ሦስት ጎልማሶች የጀርባ ሻንጣቸውን እንደተሸከሙ ተራራ አናት ላይ ቆመው ይስቃሉ። አዲስ ደንበኛ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብሎ ከጠየቀ አለቀለት፤ የሁለት ሰው ፀጉር የሚወስደውን ጊዜ ብቻውን ይቀመጣል። «ይሄ እኔ ነኝ። ይሄ አጭሩ ልብስ ሰፊው ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፤ እንደሱ ያለ ሰው አልተፈጠረም» ይላል ሬዲዮ። ሦስተኛውን ይዘለዋል። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ኩርፊያ ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሾፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየተስተካከለ፣ «ዳቦ ቤቱ ተሸጠ አሉ እኮ። ጋጋሪው የነገ ሳምንት እሁድ ከነሚስቱ ልጁ ጋ ጠቅልሎ ሊሄድ ነው» አለ።

መቀሱ ቆመ። ምላሱም ቆመ። ሾፌሩ ሁለቱ ባንዴ ሲቆሙ ሰምቶ ስለማያውቅ ደንግጦ ጆሮውን ያዘ።

«ምነው፣ ቆረጥከኝ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልሆንክም።» ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ሥራውን እስኪጨርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሾፌሩ ሲወጣ ለጎረቤት ባለሱቅ «ሰውዬው አሞታል መሰለኝ፣ እስቲ እዩት» ብሎ ሄደ።

አላመመውም፤ ነገሩ ገባው እንጂ። ከጋጋሪው ጋር ከተኳረፉ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን ሬዲዮ አንድ ቀን እንታረቃለን፣ አንድ ቀን ተራራውን አብረን እንወጣለን ብሎ ሲጠብቅ ነው የኖረው፤ ለማንም አይናገረውም እንጂ። ሰውዬው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ዳቦውን እየጋገረ እስካለ ድረስ ኩርፊያ ምን ያስቸኩላል? ነገ አለ፣ ከነገ ወዲያ አለ። አሁን ግን የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጉልበቱ ደረጃ ሲወርድ እንደ አሮጌ በር መጮህ ጀምሯል። ዘንድሮ ካልወጣ መቼም አይወጣም፤ ያለ ጋጋሪው ደግሞ መውጣት አይችልም።

ለምን አይችልም? ድንኳኑ ነዋ!

ድንኳኑን የሰፋው ልብስ ሰፊው ነው። ሦስቱም ገና ወጣት ሳሉ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ቆራርጦ፣ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናው መርፌ እየሰበረ፣ እያንዳንዱን ስፌት ሁለት ጊዜ እየደገመ ሰፋው። ውሃ አያስገባም፣ ነፋስ አይበግረውም፣ ግን አንድ ሰው ብቻውን አይሸከመውም። ስለዚህ ተከፋፈሉት፦ ሸራው ለሰፊው፣ ቋሚዎቹ ለጋጋሪው፣ ካስማዎቹና ገመዱ ለሬዲዮ። ከጉዞ ሲመለሱም እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። መጀመሪያ ለሸክም ብለው ነበር፤ ውሎ አድሮ ሕግ ሆነ።

«አንዱ ከቀረ ሁላችንም ቀረን ማለት ነው» ይል ነበር ሰፊው። «ሸራ ብቻውን ጨርቅ ነው። ቋሚ ብቻውን እንጨት ነው። ካስማ ብቻውን ደግሞ…»

«ሹል አፍ ነው፤ ልክ እንደ ባለቤቱ» ይጨምራል ጋጋሪው።

አይ ያ ዘመን! በየዓመቱ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ አውቶቡሱ ከተራራው ግርጌ ያወርዳቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ዳገት ነው፣ ጥድ ለጥድ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከሸንተረር ወደ ሸንተረር ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል፣ መሐሉ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ፣ ከነፋሱና ከጫማቸው በቀር የሚሰማ ነገር የለም። እዚያ ሲደርስ ሬዲዮ እንኳ ይዘጋል። ጋጋሪው ለጉዞው ብሎ ሁለት ጊዜ የሚያደርቀው ዳቦ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ብትመታው ድንጋዩ ነው የሚሰበረው። ጥላሸት በለበሰ ማንቆርቆሪያ ሻይ ያፈሉና እሱን እየነከሩ ይበላሉ። ሲመሽ ሰፊው በመጨረሻዋ ብርሃን የሰው ካልሲ በመርፌ ይጠቅማል፤ የራሱን አይደለም፣ የእነሱን ነው። ሲተኙ እሱ መሐል ይገባል፣ ሁለቱ ወፍራሞች ግድግዳ ይሆኑለታል።

ጋጋሪው ለምድጃ ሲል ዕድሜ ልኩን ጎሕ ሳይቀድ የተነሳ ሰው ስለሆነ እዚያም ቀድሞ ይነቃል። ሁለቱ ሲወጡ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየደበዘዘ የሚሄደውን የተራራ ሰልፍ ሲያይ ያገኙታል። «ምን እያየህ ነው?» ካሉት «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው መልሱ። ያምራል ማለት ሞቱ ነው።

የተጣሉት ደግሞ በምን መሰላችሁ? ውሃ ቀጠነ ብለው! ሦስተኛው ቀን ላይ ድንገት ጉም ወረደ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ተረተር ላይ ነበሩ። ጋጋሪው በቀኝ እንውረድ አለ፣ ሬዲዮ በግራ አለ። ሰፊው «ኧረ ተዉ፣ እዚሁ ድንኳናችንን ተክለን ሻይ እንጠጣ፣ ጉሙ ይነሳል» ቢል ማን ሰምቶት! ቃል ቃልን ወለደ። «አንተ ከሊጥ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም» አለ ሬዲዮ። «ያንተ ደግሞ አፍህ እንጂ እግርህ ተራራ ወጥቶ አያውቅም» አለ ጋጋሪው። እውነት ለመናገር ሁለቱም ደክሟቸው ነበር፤ ደክሞኛል ማለት ግን ከሁለቱም አፍ አይወጣም። ጋጋሪው ቋሚዎቹን ትከሻው ላይ አድርጎ በቀኝ ወረደ፤ ሬዲዮ ካስማውን ይዞ በግራ ወረደ። ሰፊው ከነሸራው መሐል ላይ ቀረ።

ያን ሌሊት ዝናቡ አወረደው። አንዱ ድንጋይ ሥር ቋሚ ታቅፎ፣ አንዱ ዛፍ ሥር ካስማ ታቅፎ በስብሰው አደሩ። ለየብቻ ወደ ከተማ ሲመለሱ ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። ሰፊው ብቻ፣ «እኔማ ሸራዬን ተጠቅልዬ እንደ ጌታ ተኛሁ» እያለ ያወራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሰፊው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመላለሰ፣ ያልተላከ ሰላምታ ሲያደርስ ኖረ፦ «ሰላም ብሎሃል።» «ውሸትህን ነው!» «ሙት ስልህ።» ባለፈው ክረምት ሞተ። ቀብሩ ላይ ሁለቱ ወዲህና ወዲያ ቆመው አለቀሱ፣ ወዲህና ወዲያ ሆነው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሬዲዮ ወሬውን የሰማ ቀን ምሳ አልበላ አለ። ሚስቱ ሳህኑን እያየች፣ «ሂድና አናግረው» አለችው።

«እሱ ነው የበደለኝ።»

«ምን ብሎህ?»

አፉን ከፈተ። «እግርህ ተራራ ወጥቶ አያውቅም» ብሎኛል ሊል ነበር፤ ሲያስበው ለአሥር ዓመት ኩርፊያ ትንሽ አነሰበት፤ መልሶ ዘጋው።

«እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል» አለች ሚስቱ። «አንተ ደግሞ ምላጭ ከእጅህ የማይጠፋ ሰው ነህ። ተነስ!»

በማግስቱ መጀመሪያ የሄደው ሰፊው ቤት ነው። የሰፊው ሚስት ገና ደጃፉ ላይ ስታየው ለምን እንደመጣ ገባት። ጓዳ ገብታ ሸራውን እየጎተተች አወጣችው። ንጹሕ ነው፤ የሻጋታ ምልክት የለበትም። «በየዓመቱ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር» አለችው። «ተወው፣ ማን ይፈልገዋል ስለው፣ ሲታረቁ ሻግቶ እንዳያገኙት ይለኛል። ሳትታረቁለት ሞተ እንጂ።» ሬዲዮ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል «ተው፣ ተው፣ ያኛውን ሂድና ሳም» ብላ ገፋችው። ይዞት የመጣው ታክሲ ሾፌር ሸራውን አንስቶ ጫነለት።

ዳቦ ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር። ሬዲዮ ያን ቤት ያለ እሳት አይቶት አያውቅም። ጋጋሪው መሬት ላይ ተቀምጦ የዳቦ ቆርቆሮዎቹን እየደረደረ በገመድ ያስራል። ቀና ብሎ አየው፤ ትከሻው ጎብጧል። ሬዲዮ በመንገዱ ሁሉ ንግግር ሲያሰናዳ ነበር የመጣው፤ መግቢያ ያለው፣ ወቀሳ ያለው፣ ይቅርታ ያለው ጥሩ ንግግር። ከአፉ የወጣው ግን፣

«ቋሚዎቹ አሉ?» የሚል ነው።

ጋጋሪው እጁን አራገፈ። «ካስማዎቹስ?»

«ዝገዋል እንጂ አንድም አልጠፋ።»

«ሸራውስ?»

«ታክሲ ውስጥ ነው፤ ውጭ ቆሟል።»

ጋጋሪው በእጁ የያዘውን ቆርቆሮ አገላብጦ አየው። «እሁድ እኮ ልሄድ ነው» አለ።

«ሰምቻለሁ። ነገ ከወጣን ሐሙስ እንመለሳለን።»

«ጉልበቴ ሞቷል።»

«የኔም ሞቷል። አብረን እንቀብራቸዋለና!»

ጋጋሪው ሊስቅ ፈለገና ያዘው። ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ወዲያው የሚስቱ ጩኸት ተሰማ፤ ለካ ቋሚዎቹ የልብስ ማስጫ ገመድ ተሸካሚ ሆነው ከርመዋል። «ልብሴን የት ላስጣው ነው?» ትላለች። «አንቺ ሴት፣ አገር ለቀን ልንሄድ እኮ ነው!» ይላል ባሏ። «እስከዚያ እርጥብ ልልበስ?» እርጥብ ልብስ ክንዷ ላይ እንደተከመረ ወጣች፤ ሬዲዮን ስታየው ግን ጩኸቷ ተቋረጠ። «ውሰዱት፣ ውሰዱት» አለች፤ ፊቷን በእርጥቡ ፎጣ ሸፈነች።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ አውርዷቸው ሲሄድ ሦስቱ የድንኳን ክፍሎች መንገድ ዳር ተጋድመው ነበር። ጋጋሪው ቋሚዎቹን አነሳ፣ ሬዲዮ ካስማውን አነሳ። ሸራው መሬት ላይ ቀረ። ሁለቱም አዩት። «እኔ ልያዘው»፣ «አይ፣ እኔ ልያዘው» ተባባሉና በየዕረፍቱ ሊቀያየሩ ተስማሙ። መጀመሪያ ሬዲዮ ተሸከመው። ጥቂት እንደሄደ ትንፋሹ ከደረቱ አልወጣ አለው። እርጅና ነው ብሎ እስከ መጀመሪያው ዕረፍት ጥርሱን ነክሶ ደረሰ። ተራው የጋጋሪው ሆነ። እሱም ከጥዶቹ መሐል ሳይወጣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ጀመር። አንድ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ሸራውን ዘርግፎ ጣለውና ተቀመጠ።

«ይሄን ነበር እንዴ ተሸክሞ የሚከተለን?» አለ።

ከሦስቱ አጭሩ፣ ከሦስቱ ቀጭኑ ሰፊው ነበር። ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚመጣው። እነሱ ቋሚና ካስማ ይዘው ከላይ ሆነው «ና እንጂ፣ አንተ ቀንድ አውጣ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ እናንተ ሂዱ» ይላቸዋል ከታች። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ከበደኝ ብሎ አያውቅም። እነሱም አንድም ቀን እስቲ ልቀበልህ ብለውት አያውቁም።

ጋጋሪው ዓይኑን ከሸራው ሳያነሳ፣ «ያን ሌሊት ጠርቶኝ ነበር» አለ። «ድንጋዩ ሥር ሆኜ ሰማሁት። በዝናቡ መሐል በስሜ እየጠራ ወደ ታች ይወርድ ነበር።»

«በቀኝ በኩል?» አለ ሬዲዮ።

«አዎ፣ በቀኝ። ሰምቼ ዝም አልኩት። አንተ የላክኸው መስሎኝ።»

ሬዲዮ ካስማዎቹን አስቀመጠ። ይህን ነገር ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም። «በግራም መጥቷል» አለ። «እኔም ጋ ሲጣራ ሰምቻለሁ። ድምፁ በጣም ቀርቦኝ ነበር። እኔም ዝም አልኩት።»

ተያዩ። «እንደ ጌታ ተኛሁ» ብሎ ከተማውን ያሳቀው ሰው፣ ያን ሸራ ተሸክሞ በጨለማ አንዱን ቁልቁለት ወርዶ ወጥቶ፣ ሌላውን ደግሞ ወርዶ ወጥቶ፣ የሚመልስለት አጥቶ ነው ያደረው። እነሱን ላለማሳፈር ብሎ ውሸቱን እስከ መቃብር ይዞት ሄደ። ጋጋሪው እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ፤ ሬዲዮም አለቀሰ። ሽማግሌዎች ናቸው ብሎ የሚታዘብ እዚያ ማንም የለም፤ ጥድ ብቻ ነው። ሲበቃቸው ጋጋሪው አፍንጫውን ጠርጎ፣ «በአንድ በኩል አንተ ያዝ፣ በአንድ በኩል እኔ» አለ። ሸራውን በቋሚዎቹ ላይ አንጠልጥለው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው፣ ለሁለት ተሸክመውት ዳገቱን ጨረሱ። ይህ ዘዴ በዚያ ሁሉ ዓመት ለአንዳቸውም አልታያቸውም ነበር።

የቀረውን ምን ልበላችሁ። ቀስ ብለው ሄዱ። በየመቶ እርምጃው ጉልበታቸውን እየሰደቡ፣ ጋጋሪው ሌሊቱን በከሰል ያደረቀውን ዳቦ በሻይ እየነከሩ፣ ስለ ሰፊው እያወሩ። ጥርሳቸው ስለቀነሰ ያ ዳቦ እስኪርስ ረጅም ወሬ ያስወራል። ሦስተኛው ቀን መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ትክክለኛው መንገድ ቀኙ ይሁን ግራው አንዳቸውም አላነሱትም። እዚያው ተከሉና ሻይ አፈሉ።

ሬዲዮ፣ «ልጅህ ያለበት አገር ተራራ አለ?» ብሎ ጠየቀው።

«ሜዳ ነው አሉ። ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ።»

«ታዲያ ጠዋት ተነስተህ ምን ልታይ ነው?»

«ያምር ነበር እኮ» አለ ጋጋሪው፣ በእጁ ሸንተረሮቹን እያሳየ። «ሁልጊዜም ያምር ነበር። አንተም ናፍቀኸኝ ነበር። ይኸው፣ ተናገርኩት፤ ለሰው እንዳታወራ።»

ሬዲዮ አላወራም።

እሁድ ጠዋት ሱቁ ዝግ መሆን ነበረበት፤ ሬዲዮ ግን ከፈተው። ጋጋሪው ለመንገድ ያሰበውን ኮት ለብሶ መጣና፣ «ልጄ እንዲህ ሆኜ ካየኝ ያባርረኛል፤ በል አስተካክለኝ» ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሬዲዮ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት። ከስንት ዓመት በኋላ ያንን ራስ በእጁ ያዘው። ከጆሮው ኋላ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ ጣቱ ሳይፈልጋት አገኛት። አንድም ቃል አልተናገረም። ከማጅራቱ ጀመረ፣ ጎንና ጎኑን አስተካከለ፣ ወደ አናቱ ወጣ። ፀጉሩ ድሮም ብዙ አልነበረም፣ አሁን ጭራሽ ሳስቷል፤ ሥራው ቶሎ አለቀ።

ሬዲዮ መቀሱን አላስቀመጠም። በማበጠሪያው ምንም የሌለበትን ቦታ አንስቶ አየሩን ይቆርጣል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወደ ሌላው ጆሮ ይዞራል፤ እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ። ውጭ የጋጋሪው ሚስት ታክሲው በር ላይ ቆማ «አውቶቡሱ ጥሎን ሊሄድ ነው እኮ!» ትላለች።

«ጨረስክ?» አለ ጋጋሪው፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«ትንሽ ቀረኝ።»

ጋጋሪው ዓይኑን ገለጠ። በመስታወቱ ውስጥ ባዶውን የሚቆርጠውን መቀስ አየ፤ ከመቀሱ በላይ ያለውንም ፊት አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

«አትቸኩል» አለው።